የፈረሳችን እግርና ደረት ላይ እብጠት ወጥቶ እየፈረጠ ነው፣ ያለነው ከጅማ ወጣ ብለን ነው፣ ምን እናድርግ?

የቡና ሰፈር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምሠራው ጅማ ከተማ ነው። ፈረሱ ግን የአጎቴ ነው፣ ያለውም ገጠር ነው። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ክረምት ላይ ጭቃው ሞተር እንኳን አያሳልፍም።

ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ሄጄ ነው ያየሁት። ዳማ ፈረስ ነው፣ ስምንት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ከግራ የፊት እግሩ ውስጠኛው በኩል ጀምሮ ወደ ደረቱ የሚወጣ እብጠት አለው። አንድ ቦታ ያበጠ እንዳይመስላችሁ፤ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ተከታትሎ ነው የወጣው። ቆጠርኩት፣ ሰባት ነው። ሁለቱ ፈርጠዋል። የሚወጣው መግል ወፍራም ነው፣ ቢጫ ሆኖ ደም ነካ ያደርገዋል። ዝንቡ አይነሳለትም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ግን ትንሽ ያነክሳል።

አጎቴ መጀመሪያ እሾህ የወጋው መስሎት ዝም አለ። ከዚያ ገበያ ውስጥ መድኃኒት ከሚሸጥ ሰው መርፌ ገዝቶ ሦስት ቀን አስወጋው። «ቴትራ ነው፣ ሁሉን ያድናል» ብሎታል ሻጩ። ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ በቅርብ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኬላ ሄደ። እዚያ ያለው ልጅ ደህና ልጅ ነው፣ «ያለኝ የከብት መድኃኒት ነው፣ ፈረስ ላይ ብዙ አልሠራሁም» ብሎ በቅንነት ነገረው። አሁን ጎረቤት ሁሉ በጋለ ብረት ተኩሰው እያለው ነው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ይሄ ቢቼ ነው፣ አይድንም፣ ወስደህ መንገድ ላይ ልቀቀው» አሉት። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ጓሮው አዙሮ ነው።

ፈረሱ ለዚያ ቤት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጥቅምት ሲገባ እሸት ቡናውን ወደ መፈልፈያ የሚያወርደው እሱ ነው። በቆሎውንም ወፍጮ ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። አምና ለበዓል ሄጄ ሳለሁ አያቴን ሌሊት አመማት። አጎቴ ከኋላዋ ተቀምጦ ደገፋት፣ እኔ ባትሪ ይዤ ከፊት ከፊት ሄድኩ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ። ዝናብ ነበር። ፈረሱ አንዴ እንኳን አልተንሸራተተም። አያቴ ዛሬ ደህና ናት፣ ጠዋት ጠዋት ቂጣ እየቆረሰች የምታጎርሰው እሷ ናት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ይሄ እብጠት እውነት አይድንም? መተኮሱስ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ከዚያ ርቀት ላይ ሆነን የፈረስ ሕክምና የሚያውቅ ሰው እንዴት እናግኝ? የቡናው ወቅት ሊደርስብን ነው፣ ግን ከሥራው በፊት የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ።


ባለጋሪው

ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔ ጅማ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ። ያልከው ነገር ገና ሳላነብ ከርዕሱ ነው የገባኝ፣ ምክንያቱም በዚሁ ነው ፈረስ የሞተብኝ።

የኔም እንደዚሁ ነው የጀመረው። እግሩ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ወጣች። እኔ ጠፍሩ የላጠው መስሎኝ ጂቪ ቀብቼ ሥራ ወጣሁ። በሁለተኛው ወር ላይ ደረቱ ሞላ፣ በአራተኛው አንገቱ ላይ ደረሰ፣ መጨረሻ ላይ ዓይኑ አካባቢ ወጣና ማየት ተሳነው። ተኩሼዋለሁ አዎ። ሰው መከረኝና ተኮስኩት። የተተኮሰው ቦታ ሌላ ቁስል ሆነ፣ ዝንቡም በእጥፍ መጣ። እባክህ አጎትህን በዚህ ጉዳይ እምቢ በላቸው። ፈረሱ ሲተኮስ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሌላ ደግሞ ማንም ያልነገረኝን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔና ጓደኛዬ ጠፍር እንዋዋስ ነበር። ያንተ ሲበጠስ የኔን ውሰድ፣ እንዲህ ነው የጋሪ ሰው ኑሮው። የኔ ፈረስ ታሞ ሳለ ጠፍሩን አዋስኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ የሱም ፈረስ ላይ ወጣ። ያኔ ነው የገባኝ። አሁን አጎትህ ጋ ያለውን ኮርቻ፣ ልጓም፣ ገመድ፣ ግላስ፣ ሁሉንም ለብቻ አስቀምጡ። ጎረቤት ሊዋስ ቢመጣም ስጡት እንዳትሉ። ቅር ይለዋል፣ ይበለው፣ በኋላ ያመሰግናችኋል።

ከኮርቻው ስር ምን ነው የምታነጥፉት? የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ዛሬውኑ ጣሉት። ላብ አይመጥም፣ ቆዳውን ይልጠዋል፣ በሽታው ደግሞ የሚገባው በተላጠ ቆዳ ነው። የድሮው ጆንያ ወይም ያረጀ ጋቢ ታጥፎ ቢደረግ ይሻላል፣ በየሁለት ቀኑ ታጥቦ ፀሐይ ላይ እየተሰጣ።


የእንስሳት ሐኪም ነኝ

ሰላም የቡና ሰፈር ልጅ። ሳላየው «ይህ ነው» ማለት አልችልም፤ እንደገለጽከው ግን ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ ነው። ሽማግሌው ቢቼ ያሉት ይህን ነው፣ በአማራ ክልል ንድፍት ይሉታል። በሽታው የፈንገስ ነው። አፈር ውስጥ ይኖራል፣ በቁስል ገብቶ ከቆዳ ስር ፈሳሽ የሚያመላልሰውን ቀጭን ቧንቧ፣ ሊምፍ የሚባለውን፣ ተከትሎ ይሄዳል፤ እንደ ዶቃ ተሰድሮ የሚታየው ለዚህ ነው። ዝንብ፣ ጠፍር፣ የተበከለ መርፌ፣ የሰው እጅ፣ ሁሉም ከፈረስ ወደ ፈረስ ያስተላልፉታል። ገብቶ እስኪታይ ድረስ ደግሞ ሳምንታት ወይም ወራት ሊቆይ ይችላል። ባለጋሪው የጻፈው ትክክል ነው፣ የጓደኛው ፈረስ ላይ ዘግይቶ የታየው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ አገር እንግዳ በሽታ አይደለም። በ28 ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች በታዩበት አንድ ጥናት 18.8 በመቶው በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ከአምስት ፈረስ አንዱ ማለት ነው። በጣም ደጋና ብርዳማ በሆነ አገር እምብዛም አይታይም። የሚወደው እንደ ጅማ ያለውን ለብ ያለ፣ እርጥበት ያለው፣ መካከለኛ ከፍታ ነው።

ቴትራው ያልሠራው፣ ቴትራ የሚሉት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ስለሆነ ነው። ፈንገስን አይነካውም። ሦስት ቀን ሥጋው ላይ መወጋቱ እሱን ከማሳመም ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። ያ መርፌ በሌላ ፈረስ ላይ ውሎ ከነበረ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አይድንም የሚለው እንዳለ እውነት አይደለም። ዘግይቶ ለመጣ፣ መላ ሰውነቱ ለተያዘ፣ ዓይኑና አፍንጫው ላይ ለወጣበት ፈረስ እውነት ነው። ያ ሲሆን እንዳይሠቃይ በሐኪም እጅ እንዲያርፍ ማድረግ ነው የሚሻለው፣ መንገድ ላይ መልቀቅ ግን በፍጹም። ያንተ ግን አንድ እግርና ደረት ነው፣ ሰባት እብጠት፣ ይበላል። በዚህ ደረጃ የዳኑ ፈረሶች በእጄ አልፈዋል። ያልዳኑም አሉ፣ አልዋሽህም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ናሙና። ካልፈረጠው እብጠት ላይ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ በአልኮል ተጠርጎ፣ መግሉ በመርፌ ይሳባል፤ መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ገብቶለት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከፈረጠው ቁስል የተወሰደ አይጠቅምም፣ ከውጭ የገባ ቆሻሻ ሁሉ ስላለበት። ይህን ማድረጋችን ለወግ አይደለም፣ በባክቴሪያ የሚመጣ ይህንኑ የሚመስል በሽታ ስላለና መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። ፈንገስ መሆኑ ከታወቀ የበሰሉት እብጠቶች በሐኪም እጅ ይከፈታሉ፣ መግሉ ወጥቶ ውስጡ በቲንክቸር አዮዲን ይታጠባል፣ ይህ በየጊዜው ይደጋገማል። ከዚያ ጋር በአፍ የሚሰጥ ፖታሲየም አዮዳይድ አለ። መጠኑን እዚህ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። በክብደቱ ተሰልቶ ነው የሚሰጠው፣ ከበዛ ዓይኑ ያነባል፣ ቆዳው እንደ ፎረፎር ይረግፋል፣ መብላት ይተዋል፤ ያኔ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ለእርጉዝ ባዝራ አይሰጥም። ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል፣ አጎትህ ይህን ከአሁኑ ይወቁት። አንድ ሳምንት አይተው ተስፋ ቆርጠው የሚያቋርጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው።

የት ለሚለው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ጋ የእንስሳት ክሊኒክ አለ። ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር የሚሠሩበት ነው፣ ናሙና ማየትም ይችላሉ። ፈረሱን በቁስሉ ሁለት ሰዓት ከማስኬዳችሁ በፊት ግን ሄደህ አነጋግራቸው፣ ፎቶ አሳያቸው። የኬላውንም ልጅ አትተወው። አላውቅም ያለ ሰው የሚማር ሰው ነው። ከሐኪሙ ጋር በስልክ አገናኘው፣ በየሳምንቱ የሚያጥበውና የሚከታተለው እሱ ነው መሆን ያለበት።

እስከዚያው ለብቻው እሰሩት፣ ጥላ ባለበት ደረቅ ቦታ። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና ጨው እጠቡት፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ አቃጥሉት። ጭነት የለም። ውኃው ከፊቱ አይጥፋ። አንድ ፈረስ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ይጠጣል፣ ወንዝ ዳር አንዴ ወስዶ መመለስ አይበቃውም።

ደግሞም ነገ ጠዋት አርፎ ቆሞ ሳለ ደረቱን እዩልኝ። በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳል? ጤነኛ ፈረስ አርፎ ቆሞ ከ8 እስከ 16 ነው። የልብ ምቱ ደግሞ ከ28 እስከ 44። ከመንጋጋው አጥንት ስር በጣት ስትዳስሱ እንደ ክር የምትንከባለል የደም ሥር አለች፣ እሷ ላይ ይቆጠራል። ቴርሞሜትር ካለ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ደህና ነው።


የቡና ሰፈር ልጅ

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ባለጋሪው ጋሼ፣ አንተንም አመሰግናለሁ፣ የደረሰብህ በጣም አሳዘነኝ። አጎቴን ዛሬ ደወልኩለት። ሲተነፍስ 14 ቆጠረ። የልብ ምቱን ፈልጎ ፈልጎ ልጁ ነው ያገኘው፣ 40 ነው። ቴርሞሜትር የለም። ከኮርቻው ስር ምን አለ ስለው ትንሽ ዝም ብሎ «ማዳበሪያ» አለኝ። ሁሉንም እንዳላችሁት ነገርኩት። መተኮሱ ቀርቷል። እናቱ፣ ማለቴ አያቴ፣ ቀድማ «ማንም ብረት ይዞ አይጠጋውም» ብላለች አሉ።


መንገደኛ

በሐሳቤ አትከፉ እንጂ ለምን አይሸጡትም? ገበያ ላይ ቁስሉን ጭቃ ቀባ አድርገው ለሚወስድ ሰው በርካሽ ቢሰጡት በዚያ ላይ ጨምረው ሌላ ይገዛሉ። ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ከፈረሱ ሊበልጥ ነው። ጅማም ቢሆን አሁን ባጃጅ ነው፣ የፈረስ ዘመን እያለቀ ነው።


ባለጋሪው

ወንድሜ መንገደኛ፣ ክፋት አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የኔን ፈረስ የያዘው በሽታ ምናልባት እንዲህ ካለ ገበያ የመጣ ነው። ጭቃ ቀብተህ የሸጥከው ፈረስ ሌላ ሰው ግቢ ገብቶ፣ ከሌላ ሰው ፈረስ ጋር በአንድ ገንዳ በልቶ፣ በአንድ ጠፍር ታስሮ ነው የሚኖረው። የሚገዛውም ባለጠጋ አይደለም፣ እንደነሱ ቡናውን የሚያወርድለት ያጣ ደሃ ነው። በርካሽ የሚገዛ ሰው ማነው?

ባጃጁን በተመለከተ፣ ከአስፋልት ሁለት ሰዓት በእግር የሚወስድ መንገድ ላይ ባጃጅ አይገባም። እዚያ ፈረስ ነው መኪናው፣ ፈረስ ነው አምቡላንሱ። ደግሞ እኛ የምንኖረው አባ ጅፋር አገር ነው። አባ ጅፋር የሚለው ራሱ የፈረስ ስም ነው፣ ንጉሡ በፈረሱ የሚጠራበት አገር ላይ ፈረስ ሲታመም ጭቃ ቀብቶ መሸጥ ይከብዳል። እኔ ይከብደኛል።


የሰኮሩ ልጅ

እኔ ደግሞ ስለ ገበያ መርፌ ልናገር። የቡና ሰፈር ልጅ፣ አጎትህ ያስወጋው ቴትራ በመሆኑ አመስግን። የኛ ቤት የባሰ ነው የሆነው።

አባቴ በሰኮሩ በኩል ወደ ጊቤ ቆላ እየወረደ እህል ያመጣ ነበር፣ በባዝራ። ባዝራዋን ልጅ ሆነን ከውርንጭላነቷ ጀምሮ እኛ ነን ያሳደግናት፣ እናቷ ስትሞት በጡጦ። አንድ ጊዜ ከቆላ ተመልሳ መክሳት ጀመረች። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ድዷን ስናይ ወረቀት ነው የሚመስለው። ሆዷ ስር ውኃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ወጣ። ሰዎች ገንዲ ነው አሉ፣ ቆላ ያለው ዝንብ የሚያመጣው። ልክም ነበሩ ይመስለኛል። አባቴ መድኃኒት ሻጭ ጠርቶ አስወጋት። ሰውየው የበሬውን መጠን በግምት ነው የሰጣት፣ አልመዘናት፣ በሜትር አልለካት፣ የመድኃኒቱን ካርቶን እንኳን አላሳየንም። ማታ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ላቧ በጋማዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ አንገቷን ይዤ ተቀምጬ ነው ያደርኩት። ጎህ ሲቀድ ሞተች። አባቴ እስከ ዛሬ «እኔ ነኝ የገደልኳት» ይላል። አይደለም እንለዋለን፣ አይሰማንም።

ዶክተር፣ ይሄ መድኃኒት ፈረስን እንደሚጎዳ እውነት ነው? ለአባቴ የምነግረው ነገር ፈልጌ ነው።


የእንስሳት ሐኪም ነኝ

እህቴ፣ አባትሽን ከኔ ጋር ሆነሽ አጽናኚያቸው። ለገንዲ የሚሰጠው ዲሚናዚን፣ ብዙ ሰው ቤሬኒል የሚለው፣ ከብት ላይ ብዙም ችግር የለውም። ፈረስና አህያ ላይ ግን የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን በጣም ተቀራራቢ ናቸው። ክብደቷን በመለኪያ ሜትር ደረቷ ላይ ለክቶ መገመት ይቻል ነበር፣ ይህን ማወቅ የነበረበት የወጋት ሰው ነው። አባትሽ ያደረጉት ለታመመ ፈረስ ሰው መጥራት ነው። ጥፋት የለባቸውም።

ያንቺ ታሪክ አንድ ነገር አስታወሰኝ። በገጠር ያለው የእንስሳት ጤና አገልግሎታችን የተሠራው ለበሬና ለላም ነው። ክትባቱ፣ መድኃኒቱ፣ ሥልጠናው፣ ሁሉም። አገሪቱ ውስጥ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ፣ አህያ ደግሞ ከዓለም አንደኛ ነን ማለት ይቻላል። ፈረስ ግን ወተት የለው፣ ሥጋው አይበላ፣ ስለዚህ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ባለቤቱ ራሱ «ለፈረስ ሐኪም ይጠራል እንዴ?» ይላል። ሲታመም ደግሞ የሚያገኘው የበሬ መድኃኒት ነው፣ በበሬ መጠን።

ሆድ ቁርጠትም ላይ ይኸው ነው። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፣ ተፈጥሮው አይፈቅድለትም። ሆዱ ሲነፋ፣ ሲንከባለል፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ሲያይ ሰዎች ዘይት ወይም አረቄ በአፍንጫው ይሞጅሩበታል። ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። በቁርጠቱ ሊድን የሚችለው ፈረስ በሳንባው ይሞታል። እባካችሁ ይህን ለምታውቁት ሰው ሁሉ ንገሩ። መኖውን ማንሳት፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ቀስ እያሉ ማራመድ፣ ሐኪም ጋ መደወል። ካቃተው አታስገድዱት።

ለቡና ሰፈር ልጅ አንድ ሐሳብ ልጨምር። ሐኪም ለአንድ ፈረስ ሁለት ሰዓት በእግር መውጣት ይከብደዋል፣ እውነቱን ነው የምነግርህ። ለሃያ ፈረስ ግን ይወጣል። አጎትህ ከእድራቸው ጋር ተነጋግረው አንድ ቀን ቢቆርጡ፣ የቀበሌው ፈረስ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ቢሰበሰብ፣ የመጓጓዣው ወጪ ለሃያ ሲካፈል ለአንድ ሰው ብዙ አይደለም። በዚያው ቀን ሰኮናቸው ይታያል፣ ጥርሳቸው ይታያል፣ የትል መድኃኒት በአፍ ይሰጣል፣ የጀርባ ቁስላቸው ይታጠባል። ቢቼ የጀመረው ሌላ ፈረስ ካለ እብጠቱ ገና የባቄላ ፍሬ አክሎ ሳለ ይገኛል።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባትም የሚመጣው እንዲህ ሲሰበሰቡ ነው። እሱን ሰው ሁሉ አያውቀውም። ደቃቃ ነፍሳት በምሽት ነክሰው የሚያስተላልፉት ቫይረስ ነው፣ የሚበረታውም ዝናቡ ሲያበቃ አካባቢ ነው። ከዓይኑ በላይ ያለችው ጎድጓዳ ትሞላለች፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በአፍንጫው ነጭ አረፋ ይወጣል። በሳንባው መልክ ሲመጣ ከአሥር ዘጠኙን ይገድላል፣ ያውም በቀናት ውስጥ። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ግን እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው። ከክረምቱ በፊት ወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ለዚህን ያህል ፈረስ እንፈልጋለን» ብሎ በቁጥር መጠየቅ ነው። አንድ ሰው አንድ ፈረስ ብሎ ሲጠይቅ አይመጣም፣ ጠርሙሱ የብዙ ፈረስ ስለሆነ።


መንገደኛ

እሺ፣ ሐሳቤን አንስቻለሁ። በገበያው በኩል አላሰብኩትም ነበር። የቡና ሰፈር ልጅ፣ ለመጓጓዣው አዋጡ ከተባለ እኔም የድርሻዬን አዋጣለሁ፣ ቁጥር ላክልኝ።


የቡና ሰፈር ልጅ

ስድስት ሳምንት ስላለፈ ይቅርታ፣ ቡና ለቀማው ላይ ነበርን። የሆነውን ልንገራችሁ።

ክሊኒኩ ጋ ሄጄ ፎቶውን አሳየሁ። በሳምንቱ ሐሙስ አንድ መምህርና ሦስት ተማሪዎች ወጡልን፣ የመጨረሻውን መንገድ በእግር። አጎቴ እድሩን አናግሮ ሃያ ይሆናሉ ብለን የጠበቅነው ሠላሳ አንድ ፈረስና ስድስት በቅሎ መጣ። ሰው ይህን ያህል ተቸግሮ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው። ናሙናው ተወሰደ፣ ቢቼ ነው። ከሌሎቹ ፈረሶች መካከል ሁለቱ ላይ ጀምሮ ተገኘ። አንዱ የዚያ «ልቀቀው» ያሉት ሽማግሌ ፈረስ ነበር። ጆሮው ስር፣ አንዲት ብቻ። እሳቸውም አላዩዋትም።

የኛ አምስት እብጠት ተከፍቶ ታጥቧል። የኬላው ልጅ በየአራት ቀኑ እየመጣ ያጥበዋል፣ ደብተር ይዞ ይጽፋል። አዮዳይዱን ስንጀምር በሦስተኛው ሳምንት ዓይኑ አነባ፣ ደወልን፣ ለጥቂት ቀን አቋረጡት፣ ከዚያ ቀጠለ። አሁን አራቱ ደርቀዋል፣ ፀጉር እየሸፈናቸው ነው። ሁለቱ እየጠበቡ ነው። ደረቱ ላይ ያለችው አንዷ ግን ገና ትፈሳለች፣ ትናንትና ከጎኗ አዲስ የምትመስል ትንሽ ነገር አይተው ስልክ ደወሉልኝ። ቅዳሜ እወጣለሁ።

ዘንድሮ ቡናውን ያወረድነው በጎረቤት በቅሎ ነው፣ በኛ ኮርቻ ሳይሆን በራሷ። እሱ ከቤቱ ጀርባ የአቮካዶው ዛፍ ስር ለብቻው ነው የታሰረው። ፈረሶች ሲያልፉ ያሽካካል። አያቴ በርጩማዋን ወስዳ እዚያው አጠገቡ ነው ቡና የምትለቅመው። ቂጣውን ግን አሁን በሳህን ነው የምታስቀምጥለት፣ ሐኪሞቹ እጅሽን አታስጠጊ ብለዋታል።